ጥቅምት ሠላሳ የሌለው ላፕቶፕ

ከባሌ ከአየነው ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ነገር የላፕቶፑን ቀን ወደ ኋላ መመለስ ነበር።

ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ፣ ጠዋት። እሱ መስኮቱ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጦ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎታል። እኔ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት ልሄድ ቆሜ ዳቦ እጎርሳለሁ።

«ዛሬ ስንት ነው?» አለኝ፣ እያወቀ።

«ሃያ ዘጠኝ።»

«ይኸ ኅዳር አንድ ገብቷል እያለኝ ነው። ችኩል!»

«መልሰዋ።»

«ወዴት ልመልሰው?»

«ሃያ ስምንት አድርገው። ሌላ ምን አለው?»

ይህን ንግግር በየዓመቱ እንደግመዋለን። ላፕቶፑ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው፤ ባሌ ግን ዓመቱንም ወሩንም ቀኑንም የእኛን አስገብቶለት ነበር። የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር አብዛኛውን ጊዜ ሃያ ስምንት ቀን ስለሆነ፣ በዚያ ላፕቶፕ ውስጥ የእኛም ሁለተኛ ወር ጥቅምት ሃያ ስምንት ላይ ያልቃል። ሃያ ዘጠኝና ሠላሳ የሉም። ስለዚህ በእነዚያ ሁለት ቀኖች ጠዋት ጠዋት ወደ ሃያ ስምንት እንመልሰዋለን፤ ኅዳር ሲብት እንለቀዋለን። አየነው ይህን ሲያደርግ አጥር ዘሎ የሰው ማሳ የገባ ፈረስ የሚመልስ ይመስል ነበር።

ቀኑን መልሶ ሳይጨርስ ያች ሰማያዊ ማስታወቂያ ብቅ አለች። በእንግሊዝኛ ናት፤ የምትለው ግን ይኸን ነው፦ ሲስተሙ አርጅቷል፣ ከእንግዲህ የሚንከባከበው የለም፣ ወደ አዲሱ ቀይሩ።

«ምናለ ብትቀይረው?» አልሁት። ከዚያ በፊት ነገሩን የማነሣው ለቀልድ ነበር። ያን ቀን ግን ከልቤ ነው። በዚያ ሰሞን በኢንተርኔት መመዝገብ የሚፈልግ ሰው ሁሉ የኮምፒውተር ሱቃችንን እያለፈ ወደ ሌላ ይሄድ ነበር። «ድረ ገጾቹ እንቢ እያሉህ ነው። ደንበኛ እየመለስህ እስከ መቼ?»

ክዳኑን ዘግቶ በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«ይደር» አለ።

«ይደር?»

«ነገ ጠዋት መልስ እሰጥሻለሁ። ሂጂ አሁን፣ ደወል ሊያመልጥሽ ነው።»

በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ደረቱን ያዘው። ሐኪም ቤት ሳንደርስ አረፈ። ጥቅምት ሠላሳ ነበር። ላፕቶፑን የሚመልሰው ስላልነበረ ዘሎ ኅዳር ገባ። ባሌ የሞተበት ቀን በላፕቶፑ ውስጥ የለም።

እንጅባራ መናኸሪያ አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ማመልከቻ የሚጽፍ፣ ረዥም ጎበጥ ያለ ሰው ታውቁ እንደሆነ እሱ ነው። ስሙን የማያውቁት «ጋሼ ይደር» ይሉታል። እሱ ከተማውን እንጅባራ ብሎ ጠርቶት አያውቅም፤ በድሮ ስሙ ቆሰበር ነው የሚለው። የተወለደው አዲስ ቅዳም አካባቢ ገጠር ውስጥ ነው፤ አባቱ ፈረስ ያረቡ ነበር። ላፕቶፕ ሲመጣለት አይቸኩልም። ከመክፈቱ በፊት መዳፉን ክዳኑ ላይ ያሳርፋል። ከከፈተው በኋላ ደግሞ ጆሮውን አስጠግቶ ማራገቢያውን ያዳምጣል። ምን እያደረግህ ነው ሲሉት «ትንፋሹን እየሰማሁ» ይላል። እኔ ደግሞ ዳንግላ ተወልጄ ያደግሁ፣ አንድ ቦታ መርጋት የማልችል ሴት ነኝ። ስንጋባ እናቴ «እሱ ይቆማል፣ አንቺ ትዞሪበታለሽ» ብላ ነበር።

አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ የተማሪ ፈተና ሳርም፣ አለባበሱ ያማረ ጎረምሳ ገብቶ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ጋሼ፣ አዲሱን ሲስተም ይጫኑልኝ።»

«ምን ጎደለህ?»

«ኧረ ምንም። አዲስ ወጥቷል እኮ።»

«ምንም ካልጎደለህ ለምን ትነካካዋለህ?»

«ሁሉም ሰው ቀይሯል!»

«ጎረቤትህ ሚስቱን ቢቀይርስ?»

ጎረምሳው ሣቀ። «ጋሼ፣ ይጭናሉ አይጭኑም?»

«ይደር። ጠዋት ና።»

ጎረምሳው ሲወጣ በዓይኑ ጠቀሰኝ፤ እንዲህ ካለ ሰው ጋር እንዴት ትኖሪያለሽ ማለቱ ነው። ጠዋት ሲመጣ ግን መልሱ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። አንዱን «ማሽንህ ይሸከማል፣ ጭኜልሃለሁ» ይለዋል፤ ሌላውን «አይችልም፣ አስገድጄ ብጭነው ዕድሜ ልኩን ሲንገዳገድ ይኖራል» ብሎ ይመልሰዋል። መልስ ሳይሰጥ ያዋለው ሰው አላውቅም። ምክንያቱን ስጠይቀው የአባቱን አገር ሽማግሌዎች ያነሣል። «ሽማግሌ ነገሩ ሲከብደው ይደር ይላል» ይለኛል። «ግን ይደር ብሎ ጠዋት ዛፉ ሥር ካልተገኘ፣ እሱ ሽማግሌ ሳይሆን ሸሺ ነው።»

የቀኑ ነገር የመጣው በአንድ ሽማግሌ ገበሬ ምክንያት ነው። አማርኛ እምብዛም አይናገሩም። አየነው በአዊኛ እያዳመጠ በአማርኛ ማመልከቻ ጻፈላቸው፤ ከዚያ እንደ ልማዱ ከማተሙ በፊት መልሶ በአዊኛ ተረከላቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ወረቀቱን አጥፈው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙ። ላፕቶፑ በራሱ የፈረንጅ ቀን አስገብቶ ኖሮ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው «ይኸ የእኛ ቀን አይደለም፣ አጽፈህ ና» ብሏቸው ነው። አልተቆጡም። ወረቀቱን ብቻ ዘረጉለት። አየነው ፊቱ ቀላ። እሳቸውን ከሸኘ በኋላ ላፕቶፑን ከፍቶ ቀኑን ወደ እኛ አዞረው።

«ይበላሽብሃል!» አልሁት።

«ሰባት ስምንት ዓመት ወጣት አደረግሁት እንጂ ምን በደልሁት?»

ከዚያ ወዲህ ድረ ገጽ ልክፈት ሲል «ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣበታል። እሱም መነጽሩን ወደ ግንባሩ አንሥቶ «ማነው የቀረው? እስቲ ንገረኝ፣ ማነው የቀረው?» እያለ ከላፕቶፑ ጋር ይሟገታል። ደንበኞች ይህን ለመስማት ሲሉ ብቻ ቆመው ይቀሩ ነበር።

ጳጉሜን ደግሞ አለ። ፈረንጆቹ አሥራ ሦስተኛ ወር የላቸውም፤ ላፕቶፑም የለውም። ስለዚህ በጳጉሜን አይከፈትም። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጠዋል፤ በሩ ላይ «ማሽኑ ፈቃድ ላይ ነው፣ እኔ አለሁ» የሚል ወረቀት ይለጥፋል። ለጉዳይ የመጣ ሰው ካለ በብዕር ይጽፍለታል። ጽሕፈቱ ያምር ነበር፤ ፊደሎቹ ሰፋ ሰፋ ያሉ፣ የማይጋፉ። መጨረሻ ላይ ጳጉሜን ብሎ ቀኑን ሲጽፍ ትንሽ ፈገግ ይላል። አንድ ኃላፊ «በዚህ ዘመን በእጅ?» ቢለው «በጳጉሜን ማሽኑ እኔ ነኝ፣ ጌታው» አለው።

ለቅሶው ዕለት የሆነውን እስካሁን ሳስበው መሣቅም ማልቀስም ይመጣብኛል። በባሌ ዘመዶች አገር ወንድ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ያለ ጋላቢ፣ ለቅሶው ሜዳ ላይ ይዞራል። የሟቹ ልብስና መሣሪያ ኮርቻው ላይ ይንጠለጠላል፤ አልቃሽ ያን እያየች ሙሾ ታወርዳለች። አየነው ከተማ ከገባ ወዲህ ፈረስ አልነበረውም፤ መሣሪያማ ከመጀመሪያውም የለው። ታላቅ ወንድሙ አያ ዘለቀ የራሳቸውን ፈረስ ከገጠር አመጡ። ከዚያ ቤት ገብተው ግድግዳውን ዙሪያውን ተመለከቱ።

«የእሱ ዕቃ የታለ?» አሉኝ።

«ምን ዕቃ፣ አያ?»

«ሲውልበት የኖረው ነዋ!»

እኔ ጥግ የተቀመጠውን ጥቁር የላፕቶፕ ቦርሳ አየሁ። ዓይኔን ተከትለው አነሡት። ባዶ መስሏቸው ነበር። ኮርቻው ላይ ጠበቅ አድርገው አሰሩትና ፈረሱ ተለቀቀ። ሰዉ ዋይ ሲል ፈረሱ በረገገ፤ እየዘለለ ሜዳውን ዞረ፤ ቦርሳው ከኮርቻው ጋር ይላተማል። ላፕቶፑ ውስጡ እንዳለ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ተው ልል አፌን ከፍቼ ጮኽሁ። ሰዉ ባሌን የጠራሁ መስሎት አብሮኝ ጮኸ። ከዚያ እኔም ባሌን ጠራሁ።

ላፕቶፑ አልሞተም። ማጠፊያው ተሰነጠቀ፤ ባትሪውም ከዚያ ወዲህ አይይዝም፣ መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል። አያ ዘለቀ በኋላ ነገሩን ሲሰሙ እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ። «ውስጡ ነበር እንዴ? ወይኔ!» አሉ። ከዚያ ደግሞ «ይሁን፣ እሱም አንድ ቀን ፈረስ ወጣ» አሉ።

ከአርባው በኋላ ከትምህርት ቤት መልስ ሱቁን መክፈት ጀመርሁ። ማመልከቻ መጻፍ እችላለሁ። የተቀረውን ግን እሱም ሲመልሰው የነበረውን እኔም መለስሁት። ፈተና ልመዝገብ ያለውን፣ መታወቂያ ልሙላ ያለውን፣ «ባንኩ አጠገብ ሂዱ» እላለሁ። ሰዉ እየሳሳ ሄደ። የቤቱ ባለቤት ሱቁን የሚፈልግ ሌላ ሰው እንዳለ በጨዋ ደንብ ነገሩኝ። ያች ሰማያዊ ማስታወቂያ በየቀኑ ትመጣለች። ልቀይረው እነሣለሁ፤ መጀመሪያ ቀኑ መስተካከል እንዳለበት አውቃለሁና እዚያ ስደርስ እጄ ይመለሳል። ያ ቀን አብረን የነካነው ነው። እዘጋዋለሁ፤ በሩ ድረስ ሄጄ መንገዱን አያለሁ፤ ተመልሼ እከፍተዋለሁ። ቀኑን የሚያርመው ስለሌለ ላፕቶፑ አንዳንዴ ይቀድመናል፣ አንዳንዴ ከእኛ ኋላ ይቀራል።

አንድ ቅዳሜ ዳንግላ ወደ ሰዒድ ሄድሁ። ሰዒድ ገበያው ዳር የኮምፒውተር ዕቃ ይሸጣል፤ ከአየነው ጋር ወዳጆች ነበሩ፣ ሲገናኙ ግን ጭቅጭቅ ብቻ ነው። ከሚኒባስ ወርጄ ጋሪ ያዝሁ። ጋሪው በነጠረ ቁጥር ላፕቶፑን ከጭኔ ከፍ አድርጌ እይዘዋለሁ፤ የፈረስ ነገር አንድ ጊዜ ይበቃዋል ብዬ።

ሰዒድ ከፍቶ ቀኑን ሲያይ ሣቀ። ከዚያ ሣቁን አቆመ።

«ያ ግትር! አሁንም በእኛ ዓመት ላይ ነው?»

«አዲሱን ይሸከማል?»

«የሚሸከም ይመስለኛል። ይዘገያል፣ አርጅቷል። ፋይሉ ላይጠፋ ይችላል፣ ቃል ግን አልገባልሽም። ባትሪው ደግሞ የለም፤ መሐል ላይ መብራት ከሄደ ላይነሣ ይችላል።»

«ካልቀየርሁትስ?»

«የጽሕፈት መኪና ነው፣ እህቴ። ቀኑ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ድረ ገጹን የሚከፍተው ፕሮግራም ራሱ አርጅቷል፤ አዲሱ ደግሞ በዚህ ሲስተም ላይ አይጫንም።»

«አንተ ብትሆን?»

«እኔማ ያኔ ገና እቀይረው ነበር! እኔና እሱ ስንጣላ የኖርነው በምን ሆነና?» አዲሱን ሲስተም በፍላሽ ገልብጦ ሰጠኝ። «ፊት ቀኑን አስተካክዪ። በውሸት ቀን አይሄድልሽም።»

«ውሸት አይደለም» አልሁት። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ደንበኞቹ ዞር አሉ።

«ልክ ነሽ» አለ ሰዒድ ዝግ ብሎ። «በእኛ ቀን አይሄድልሽም።»

ፍላሹን አምጥቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት። እዚያው ከረመ።

ወይዘሮ የሻለም የመጡት አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። አዲስ ቅዳም አካባቢ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እየቆረጡ ከሰል የሚያከስሉ ሴት ናቸው፤ ጣቶቻቸው ላይ ጥቁሩ አይለቅም። ከዓመታት በፊት በድንበር ተሟግተው አየነው ነው የጻፈላቸው። አሁን ልጃቸው ኮሌጅ የምትመዘገብበት ጉዳይ ነበር። ልጅቱ ክምሩ እንዳይነድ ከሰሉን ትጠብቃለች፤ እናቷ ወረቀቷን በፌስታል ጠቅልለው ይዘው መጥተዋል። ምዝገባው በኢንተርኔት ብቻ ነው። በማግስቱ ያበቃል።

ሞከርሁ። እንቢ አለ። ደግሜ ሞከርሁ። ባንኩ አጠገብ ሂዱ ልላቸው ቀና ስል፣ ከአፌ የወጣው ሌላ ሆነ።

«ይደር» አልኋቸው።

ሴትዮዋ ወዲያው ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። «እሺ ልጄ። ጠዋት እመጣለሁ።»

ደነገጥሁ። «እማማ፣ ሌላም ሱቅ አለ እኮ። ዛሬውኑ ይጨርሱልዎታል።»

«ይደር አላልሽም?»

«ብያለሁ፣ ግን...»

«እዚህ ቤት ይደር ከተባለ ጠዋት መልስ አለ። ድንበሬ ጊዜ እንዲህ ብሎኝ አይደል? እኔ እዚሁ ዘመድ ዘንድ አድራለሁ። አንቺም ግቢና ዕረፊ፣ ፊትሽ ልክ አይደለም።»

ሄዱ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። አየነው ለእኔም ጠዋት መልስ እሰጥሻለሁ ብሎ ነበር። ያ ጠዋት መጥቶ አልፏል፤ መልሱን ግን የተናገረው የለም። እኔም ከጥቅምት ጀምሮ ሳሳድረው ኖሬአለሁ። እሱ እንደዚህ አያሳድርም ነበር። ሳልዘጋ በፊት ፋይሎቹን በሙሉ በሌላ ፍላሽ ገለበጥሁ።

ጠዋት የትምህርት ቤቱን ክፍል ለባልደረባዬ አደራ ብዬ ስመጣ፣ ወይዘሮ የሻለም ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ገባን። መዳፌን ክዳኑ ላይ አሳረፍሁ። ከፍቼ ፊት ቀኑን ነካሁ። ዓመቱን አንድ በአንድ ወደ ላይ አዞርሁት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ቀኑን እያስተካከልሁ።»

«አየነው የእኛን ቀን ነበር የሚያደርገው» አሉ፤ በጥርጣሬ ዓይን።

«አዎ። አሁን ለማሽኑ የራሱን ሰጠሁት። የእኛን እኛ እንይዘዋለን።»

ፍላሹን ሰካሁ። አንድ ክብ ነገር መዞር ጀመረ። ዞረ፣ ዞረ። አምፖሉ አንድ ጊዜ ደከም ሲል ሁለታችንም እኩል ብድግ አልን፤ እሳቸው «ማርያም ማርያም!» እያሉ ገመዱን ያዙ፣ በእጅ ቢይዙት መብራቱ የማይሄድ ይመስል። አልሄደም። ቆይቶ ግን የላፕቶፑ መስተዋት ፈጽሞ ጠቆረ። ድምፅ የለም። በሩ ድረስ ሄድሁ፣ ተመለስሁ፣ ጠረጴዛውን ዞርሁ።

«አመመው?» አሉ ወይዘሮ የሻለም።

«እንጃ።»

«እንግዲያው ተቀመጪ። ፈረስም አዲስ ኮርቻ ሲያርፍበት ፊት ቆሞ ያስባል። ስትዞሪበት ነው የሚበረግገው።»

ተቀመጥሁ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ስንት እንደቆየሁ አላውቅም፤ ከዚያ ማራገቢያው ተነሣ። ትንፋሹን ሰማሁ።

የተከፈተው ሌላ ፊት ነበር። አየነው ያኖረው የሣር ሜዳ ሥዕል የለም፤ ነገሮቹን የደረደረበት ቦታ ሁሉ ተለዋውጧል፤ አታሚውንም አላውቀውም አለ። ፋይሎቹ ግን አሉ። ጥግ ላይ የፈረንጅ ቀን ተጽፏል። ድረ ገጹ ሳያንገራግር ተከፈተ። ልጅቱን መዘገብናት፤ ወይዘሮ የሻለም ስሟን ፊደል በፊደል እየተከታተሉ። አታሚውን ሰዒድ በስልክ እየመራኝ አስነሣሁት። «በመጨረሻ!» አለኝ ሰዒድ፤ ቀጥሎ ምን ሊል እንደነበር አላውቅም፣ ስልኩን ዘጋው።

ወይዘሮ የሻለም የታተመውን ወረቀት ብርሃን ላይ አውጥተው አዩት።

«የእኛ ቀን የታለ?»

ብዕር አነሣሁና ከላይ፣ ጥጉ ላይ፣ ሰፋ ሰፋ አድርጌ ጻፍሁላቸው። አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በፌስታሉ ጠቅልለው ሄዱ።

አሁን ከትምህርት ቤት መልስ ሱቁን እከፍታለሁ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ተማሪ እመዘግባለሁ። የከበደኝን ይደር እላለሁ፤ ጠዋት መልሱን እሰጣለሁ። ላፕቶፑ በራሱ ቀን ይሠራል። የእኛን ቀን በየወረቀቱ ላይ በእጄ እጽፋለሁ።